ሰዓቱና አንጓው፦ ስለ ደዌ መንሥኤ የተነገረ ዲስኩር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የማነሣው ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ የሚመስል፣ ሲመረምሩት ግን ከቆዳችን ተነሥቶ እስከ ልቡናችን የፍርድ ወንበር የሚደርስ ነው፤ ይኸውም ቀንና ሌሊት በእጃችን አንጓ ላይ አስረነው የምንውለውና የምናድረው፣ የልባችንን ትርታ የሚቈጥረው፣ እርምጃችንን የሚመዘግበው፣ እንቅልፋችንን ሳይቀር የሚከታተለው ስማርት ሰዓት በታሰረበት ስፍራ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ማሳከክና መቍሰል አመጣብን የሚሉ ሰዎች የሚያሰሙት አቤቱታ፣ ከዚያም የዚህ ደዌ መንሥኤ ምንድር ነው በማለት በየቤቱ የሚደረገው ክርክር ነው።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። ከሁለት ዓመት በፊት ባሕር ማዶ የምትኖር ልጄ፣ ዕድሜዬ መግፋቱና ልቤም አንዳንድ ጊዜ ትርታውን መሳቱ አሳስቧት፣ ከእነዚህ ሰዓቶች አንዱን ገዝታ በመንገደኛ እጅ ላከችልኝ። የልጅ ስጦታ ነውና በደስታ ተቀብዬ በግራ እጄ አሰርሁት፤ በየማለዳውም ስልክ እየደወለች «አባባ፣ እንዴት አደሩ? ሰዓቱስ ስለ ሌሊቱ ምን ይላል?» ብላ ስለምትጠይቀኝ፣ የምነግራት እንዳላጣ፣ በእንቅልፍ ሳለሁ እንዳይንሸራተትና ቍጥሩ እንዳይዛባ ብዬ፣ ማሰሪያውን በአንድ ቀዳዳ ጨምሬ አጥብቄ መተኛትን ልማድ አደረግሁ። አምስት ሳምንት ያህል እንደ ቈየሁ ግን አንድ ማለዳ ስነቃ የግራ አውራ ጣቴ ጀርባ ደንዝዞ አገኘሁት፤ ከዚያም በኋላ ቀን ቀን ጉንዳን የሚሄድበት ያህል ይወርረኝ፣ እጄን ወደ ትንሿ ጣት ወገን ባዘነበልሁትም ጊዜ እንደ እሳት የሚለበልብ ሕመም ከአንጓዬ ተነሥቶ ወደ አውራ ጣቴ ይሄድ ጀመር።

ይህንኑ በማኅበራችን የዝክር ቀን ለማኅበርተኞቼ ባጫወትኋቸው ጊዜ ሦስት ዓይነት ፍርድ ተሰጠኝ። አንድ የማከብራቸው አዛውንት ነገሩ ጨረር ነው አሉኝ፤ ሰዓቱ ከስልኩ ጋር በማይታይ ሞገድ ሲነጋገር የሚያድር ስለ ሆነ፣ ያ ሞገድ ሥጋን አልፎ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ ደምንም ያውካል፣ ብለው አስረዱኝ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ እርሷም እንዲህ ያለ ሰዓት አስራ አንጓዋ ቀልቶና ውኃ ቋጥሮ ስለ ነበር፣ ጥፋቱ የሰዓቱ መርዝ ነው ብላ ጠባሳዋን አሳየችን። ኮምፒውተር የተማረው ወጣቱ የእኅቴ ልጅ ሁለቱንም ሰምቶ ሲያበቃ፣ ስንትና ስንት ሚሊዮን ሰው ያለ አንዳች ጕዳት የሚያስረውን ዕቃ መክሰስ ከንቱ ነው፣ ሕመሙ ያለው በሐሳባችሁ ነው፣ ብሎ ደመደመ። ከሦስቱም ይበልጥ ያሳዘነኝ ይህ የመጨረሻው ፍርድ ነበር፤ ሌሎቹ ቢሳሳቱ እንኳ ሕመሜን ተቀብለውልኛልና።

እኔ እንደማምነው፣ የታመመ ሰው በሁለት ነገር ይመሰክራል፤ አንደኛው «ያመኛል» የሚለው ሲሆን ሁለተኛው «ያመመኝ ይህ ነው» የሚለው ነው። በመጀመሪያው ቃሉ ብቸኛ ምስክር እርሱ ነው፤ የሌላውን ሰው ሕመም በገዛ ሕዋሳቱ የሚያውቅ የለምና ምስክርነቱን ማንም ሊያፈርስበት አይገባም። በሁለተኛው ቃሉ ግን እንደ ማናችንም ገማች ነው፤ ቃሉም እንደ ማናቸውም ቃል በመስቀለኛ ጥያቄ ሊፈተን ይገባዋል። አዛውንቱና የአክስቴ ልጅ ሁለቱን ምስክርነቶች አንድ አድርገው፣ ሕመሙ እውነት ስለ ሆነ የሰጡትም ምክንያት እውነት የሆነ መሰላቸው፤ ወጣቱ ደግሞ ምክንያታቸው ስላላሳመነው ሕመሙን ከምክንያቱ ጋር አብሮ ጣለው።

ይህ ስሕተት የዛሬ ብቻ አይደለም፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁና፣ ስለ አንድ ብረት ጥንተ ነገር ላውጋችሁ። በጀርመን አገር በሳክሶኒ ተራሮች ማዕድን ይቈፍሩ የነበሩ ሰዎች መዳብ ያለበት የሚመስል ቀላ ያለ ድንጋይ ያገኙ ነበር፤ ነገር ግን ቢያቀልጡት መዳብ የማይወጣው፣ ጢሱም የሚያሳምማቸው ስለ ሆነ፣ ኒክል የሚሉት ጋኔን መዳባችንን ሰውሮ በመርዝ ለወጠብን ሲሉ ድንጋዩን «ኩፕፈርኒክል»፣ ማለት የመዳብ ጋኔን፣ ብለው ጠሩት። በ1751 ዓ.ም. አክሴል ክሮንስቴት የሚባል ስዊድናዊ ሊቅ የዚህን ዓይነት ማዕድን መርምሮ ከውስጡ ከዚያ በፊት ያልታወቀ አዲስ ብረት አወጣ፤ የጋኔኑ ስምም ለብረቱ ቀረለት፤ ዛሬ ኒኬል የምንለው እርሱ ነው። የቈፋሪዎቹን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ሕመማቸው ሐሰት አልነበረም፤ በድንጋዩ ውስጥ ከኒኬሉ ጋር አርሴኒክ የተባለው መርዝ ስለ ነበረ ጢሱ በእውነት ይመርዛቸው ነበር። የሳቱት ከሳሽነቱን ሳይሆን ተከሳሹን ነው።

ከጋኔን ስም የወረሰው ይህ ብረት ዛሬ በማይዝግ ብረት ውስጥ ገብቶ የሰዓት ገላ፣ ዘለበትና ጌጣጌጥ ሆኖ በሰው ገላ ላይ ይውላል። በላብ እርጥበት ጥቂት በጥቂት እየሟሟ ወደ ቆዳ ሲገባ፣ በአብዛኛው ሰው ላይ ምንም አያደርስም፤ ነገር ግን የአንዳንዱ ሰው ሰውነት አንድ ጊዜ እንደ ጠላት ከመዘገበው በኋላ ባገኘው ቍጥር ይነሣበታል፤ አለርጂ የምንለው ይህ ነው። በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ የበዛውም ጆሮ በመበሳትና ርካሽ ጉትቻ በማድረግ የተነሣ እንደ ሆነ የቆዳ ሐኪሞች ተስማምተውበታል። ስለዚህም ዴንማርክ በ1990 ገደማ፣ የአውሮጳ ኅብረት ደግሞ በ1994 ሕግ አውጥተው፣ ቆዳን የሚነካ ዕቃ በሳምንት ከእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ከ0.5 ማይክሮግራም የበለጠ ኒኬል እንዳያወጣ ከለከሉ። እናቶቻችን የማርትሬዛ ብር እያስቀለጡ ያሠሩት የነበረው አምባርና አልቦ ከ1,000 እጅ 833ቱ ጥሩ ብር፣ የቀረውም በአብዛኛው መዳብ ነበር፤ እነርሱ ዕድሜ ልካቸውን ያለ ሥጋት ካሰሩት ጌጥ ጋር ዛሬ ከሱቅ የሚገዛውን የብረት ጌጥ አንድ አድርጎ ማየት አይገባም።

አሁን የአክስቴን ልጅ ነገር እንመልከት። ጠባሳዋን ቀርቤ ባየሁት ጊዜ በአንጓዋ ዙሪያ የተበተነ ሳይሆን፣ ከውስጥ በኩል ዘለበቱ በሚያርፍበት ስፍራ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ የተሣለ ነበር፤ የቍስሉ መልክ የዘለበቱን መልክ ይመስል ነበር። በሠርጓ ሰሞን ያደረገችው ጉትቻ ጆሮዋን እንዳቈሰለባትም ጠይቄ ተረዳሁ። እንግዲህ የእርሷ ክስ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን «ሰዓቱ መርዝ ነው» ከማለት «የዘለበቱ ብረት ለእኔ ቆዳ አይስማማም» ማለት የቀረበ ነበር። ይህንንም በምርመራ ማረጋገጥ ይቻላል፤ የዛሬ 130 ዓመት ገደማ፣ በ1895፣ ያዳሶን የተባለ የጀርመን የቆዳ ሐኪም የተጠረጠረውን ነገር በጥቂቱ በበሽተኛው ቆዳ ላይ ለጥፎ የሚሆነውን የማየትን ዘዴ አስተማረ፤ ዛሬም የተጠረጠሩትን ነገሮች ጎን ለጎን በበሽተኛው ጀርባ ላይ ለጥፈው፣ ከ48 ሰዓት በኋላ አንሥተው፣ ከዚያም በኋላ ሌላ ቀን ደግመው ያዩታል። ቆዳው ራሱ ይመሰክራል ማለት ነው።

ለወጣቱ መልስ የሚሆን ታሪክ ደግሞ አለ። በ2013 መጨረሻ ፊትቢት የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ፎርስ» ብሎ የሰየመውን በአንጓ ላይ የሚታሰር መሣሪያ ለገበያ አወጣ፤ ጥቂት ወራት ሳይቈይ አንጓችን ቀላ፣ አሳከከን፣ ውኃ ቋጠረ የሚሉ ሰዎች በዙ። በ2014 መጀመሪያ ኩባንያው ሽያጩን አቆመ፤ የአሜሪካ መንግሥት የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽንም በአገሩ የተሸጠው 1 ሚሊዮን ያህል መሣሪያ እንዲመለስ አስታወቀ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የቆዳ መቈጣት የደረሰባቸው 9,900 ያህል፣ ውኃ የቋጠረባቸው 250 ያህል አቤቱታዎች ቀርበው ነበር። ከመቶ ሰው ዘጠና ዘጠኙ አልተጐዳም ማለት ነው። ይሁን እንጂ የዘጠና ዘጠኙ ሰላም የአንዱን ቍስል ሐሰት አላደረገውም፤ ወጣቱ ያቀረበው የሚሊዮኖች ምስክርነትም በዚህ ይወድቃል። ኮሚሽኑ መንሥኤውን ሲናገር የማይዝገውን ብረት፣ ማሰሪያው የተሠራበትን ነገርና መሣሪያው የተጣበቀበትን ሙጫ በተጠርጣሪነት ጠቀሰ። ከሙጫዎቹ መካከል ሜታክሪሌት የሚባሉት ወገኖች፣ ሴቶች በሚያሠሩት ሰው ሠራሽ ጥፍር ውስጥም የሚገኙ፣ በአለርጂ የታወቁ ናቸው።

ሁሉም መቅላት አለርጂ አይደለም። እጁን በየሰዓቱ በሳሙና የሚታጠብ ሰው አረፋውና ውኃው ከሰዓቱ ሆድ ሥር ሳይደርቅ ስለሚቀር ቆዳው ይረሰርሳል፣ ይላጣል፤ ለዚህ መድኃኒቱ ሰዓቱን ፈትቶ ሁለቱንም ማድረቅ ብቻ ነው። በ2022 ደግሞ የዚያው የፊትቢት «አዮኒክ» የተባለው ሰዓት ባትሪው እየጋለ በአሜሪካ 78 የመቃጠል አደጋ ስለ ተመዘገበበት እንዲመለስ ተደረገ፤ ይህ ግን እንደ እሳት በድንገት የሚመጣ ስለ ሆነ ከምንናገርበት ከዘገምተኛው ሕመም የተለየ ነው።

የእኔ ሕመም ሽፍታም ማሳከክም አልነበረውም፤ ቆዳዬ ንጹሕ ነበር። ስለዚህ ከቆዳው በታች መሄድ ያስፈልገናል። የእጃችን አንጓ በሰውነታችን ውስጥ እጅግ ከተጨናነቁት ስፍራዎች አንዱ ነው፤ ስምንት ትንንሽ አጥንቶች በሁለት ረድፍ ተደርድረው፣ በላያቸው ጅማቶች፣ የደም ሥሮችና ነርቮች በጠባብ በር እንደሚያልፍ ሕዝብ ተጋፍተው ያልፋሉ። በመዳፍ ወገን ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ትልቅ ነርቭ በአንድ ዋሻ ውስጥ አብረው ይሄዳሉ፤ ያ ነርቭ ሲጨነቅ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመካከለኛው ጣትና የቀለበት ጣት እኩሌታ በመዳፍ ወገን ይደነዝዛሉ፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው የአንጓ ደዌ ይህ ነው። በጀርባ ወገን ግን ሌላ፣ ቀጭንና ብቸኛ ነርቭ አለ፤ ክንዳችን መካከል ድረስ በጡንቻ ተሸፍኖ ከመጣ በኋላ ወደ አንጓው ሲቀርብ ከሽፋኑ ብቅ ብሎ፣ በአውራ ጣት በኩል ባለው አጥንት ላይ፣ ከቆዳ በስተቀር አንዳች ከለላ ሳይኖረው ያልፋል፤ ሥራውም እንቅስቃሴን ማዘዝ ሳይሆን የአውራ ጣትን ጀርባ የመዳሰስ ስሜት ወደ አእምሮ ማድረስ ነው። ከላይ ማሰሪያ፣ ከታች አጥንት፤ ነርቩ በመዶሻና በመስፍ መካከል እንዳለ ብረት ነው። በ1932 ዋርተንበርግ የተባለ በጀርመን ይሠራ የነበረ የነርቭ ሐኪም የዚህን ነርቭ መጨነቅ ራሱን የቻለ ደዌ አድርጎ ጻፈው፤ ከዚያም ወዲህ ሐኪሞች ከሚጠይቋቸው ጥያቄዎች መካከል የጠበቀ የሰዓት ማሰሪያ፣ የጠበበ አምባርና የእጅ ሰንሰለት ይገኛሉ። ስማርት ሰዓት ሳይታሰብ፣ ብሉቱዝ የሚባል ነገር ሳይፈጠር፣ በመጠምዘዣ የሚሞላው የአያቶቻችን ሰዓት ይህን ደዌ ያመጣ ነበር።

የዛሬው ሰዓት ከዚያኛው የሚለይበት ነገር ቢኖር፣ ሰውን ይበልጥ እንዲያጠብቀው ማስገደዱ ነው። ከሆዱ በኩል የሚበራው አረንጓዴ ብርሃን በቆዳችን ውስጥ ዘልቆ፣ ደም አረንጓዴውን ብርሃን ስለሚውጥ፣ በልብ ትርታ ልክ የሚበዛውንና የሚያንሰውን የደም መጠን ከሚመለሰው ብርሃን እየለየ ይቈጥራል፤ ሰዓቱ ከቆዳ ከራቀ ግን የውጭ ብርሃን ይገባበትና ቍጥሩ ይበላሻል። የቀድሞው ሰዓት ላልቶ ቢንጠለጠልም ጊዜን በትክክል ይናገር ነበር፤ ይህኛው ግን ካላጠበቁት አይታመንም፤ የእንቅልፉንም ነገር ሊነግረን ሌሊቱን ሙሉ ታስሮ ማደር አለበት። አበው ሰዓታቸውን ከራስጌ አኑረው ይተኙ ነበር፤ አንጓቸው በየሌሊቱ ያርፍ ነበር። እኔ ግን የልጄን ጥያቄ ለመመለስ ስል ያን ዕረፍት በገዛ እጄ ከለከልሁት።

አሁን ወደ አዛውንቱ ክስ እመጣለሁ፤ በእርሳቸው ላይ ማላገጥ አይገባም፤ የማይታየውን ነገር መፍራት የሰው ልጅ ጥንቃቄ ነውና። ነገር ግን የሚፈራው ነገር ይመዘን። ሰዓቱ ከስልክ ጋር የሚነጋገርበት ብሉቱዝ የሬዲዮ ሞገድ ሲሆን፣ ኀይሉ በሚሊዋት የሚቈጠር ነው፤ የራሳቸው ሲም ያላቸው ሰዓቶች ከዚህ ይበልጣሉ። በተፈጥሮ ኀይል መሰላል ላይ ደግሞ የሬዲዮ ሞገድ ከብርሃን እጅግ በታች ነው፤ ማንም የማይከስሰው ያ የሰዓቱ አረንጓዴ ብርሃን በእያንዳንዱ ቅንጣቱ ከብሉቱዙ ሞገድ ከ200,000 ጊዜ በላይ የበረታ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከቀን ብርሃን ጋር አንድ ዘር ነው። በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል የሬዲዮ ሞገድን «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚላቸው ነገሮች ተራ አግብቶት ነበር፤ አዛውንቱም ይህን ሰምተው ነበር። ያ ፍርድ ግን የተሰጠው ሞባይል ስልክን ለዓመታት ከጭንቅላት አጠገብ ይዞ ከመነጋገር በተነሣ ጥያቄ ነው፤ ስለ አንጓ መደንዘዝ የሚናገረው ነገር የለም።

ከዚህም የሚልቅ ምስክር አለ። ሞገድ በቀረባቸው ቍጥር እንደሚታመሙ የሚናገሩ ሰዎች ሞገዱ መኖሩን ወይም አለመኖሩን ሳይነገራቸው የተፈተኑባቸውን 31 ሙከራዎች፣ በድምሩ 725 ሰዎች የተካፈሉባቸውን፣ የለንደን ሊቃውንት ሰብስበው በ2005 መረመሩ፤ ሰዎቹ ሞገዱ ሲኖርና ሳይኖር ለይተው ማወቃቸውን የሚያረጋግጥ ጽኑ ማስረጃ አልተገኘም። የሚያስደንቀውና ሊያሳዝነን የሚገባው ግን በአንዳንዶቹ ሙከራዎች ሰዎቹ ሞገድ ሳይኖርም እንኳ አለ ብለው ባሰቡ ጊዜ በእውነት መታመማቸው ነው። ሥጋት ራሱ ሥጋን ያሳምማል። ይህን ሰው «ሐሰተኛ ነህ» ብሎ መስደድ ጭካኔ ነው፤ «እውነት ነው ጨረሩ ነው» ብሎ ማጽናትም ሥጋቱን መመገብ ነው።

እኔም ከአዛውንቱ ጋር ከመከራከር ይልቅ ነገሩን በገዛ አንጓዬ ለመፈተን ቈረጥሁ። የእኅቴን ልጅ ጠርቼ ለ14 ቀን በየማታው ሰዓቱን እየወሰደ፣ ሰባቱን ሌሊት ፍላይት ሞድ አድርጎ ሞገዱን እንዲያጠፋው፣ ሰባቱን ሌሊት እንዲተወው፣ ተራውን ለእኔ ሳይነግር በደብተሩ እንዲጽፍ፣ ፊቱንም በፕላስተር እንዲሸፍነው አደረግሁ፤ ማሰሪያው ግን በሁሉም ሌሊት በዚያው በጠበቀው ቀዳዳ ይታሰር ነበር። እኔም በየማለዳው ሕመሜን ከዜሮ እስከ አምስት እየመዘንሁ በራሴ ደብተር ጻፍሁ። በ15ኛው ቀን አዛውንቱ ባሉበት ሁለቱን ደብተሮች አስተያየን፤ ሞገድ በነበረበትና ባልነበረበት ሌሊት መካከል ልዩነት አልነበረም፤ አንጓዬ በሁሉም እኩል ታምሞ ነበር። የአንድ ሰው የ14 ሌሊት ሙከራ ለዓለም ሕግ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ለእኔ አንጓ ግን በቂ ምስክር ነበር። አዛውንቱም ደብተሩን ገልብጠው አይተው፣ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እንግዲህ ማሰሪያውን ፍታው» አሉኝ። ወጣቱም በየማለዳው ያለ መሳት የጻፍሁትን ሕመም ባየ ጊዜ ከዚያ ወዲያ «በሐሳባችሁ ነው» የሚለውን ቃል አልደገመውም።

ከዚያ በኋላ አንድ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ሐኪሙ ስለ ሰዓቱ አንዳች ሳይናገር በመጀመሪያ የደነዘዘውን ስፍራ በጣቴ እንድሥልለት ጠየቀኝ፤ እኔም የአውራ ጣቴን ጀርባ ከብቤ አሳየሁት። ቀጥሎ በአውራ ጣት በኩል ባለው የአንጓዬ አጥንት ላይ በጣቱ ጫፍ ቀስ ብሎ መታ መታ ሲያደርግ፣ ያ የታወቀው መውረር ከመታበት ስፍራ ተነሥቶ እስከ አውራ ጣቴ ሄደ። «ሰዓትዎን እስቲ ያሳዩኝ» ያለኝ ከዚህ በኋላ ነበር፤ የማሰሪያው ጫፍ ሐኪሙ በመታበት ስፍራ ላይ ምልክቱን ትቶ ነበር። መድኃኒት አላዘዘልኝም፤ ማላላትን ብቻ አዘዘልኝ።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ አንጓው የሚያመው ሰው ቢኖር፣ ወይም ነገ እንዲህ ያለ አቤቱታ የያዘ ሰው ወደ ቤታችሁ ቢመጣ፣ ስለ መንሥኤው ከመፍረዳችሁ በፊት እንደዚያ ሐኪም በትክክል የት ላይ እንደሚያመው በጣቱ እንዲያሳያችሁ፣ መቼ እንደሚጀምረው፣ ሰዓቱንም ሲፈታው በስንት ቀን እንደሚተወው እንድትጠይቁት እለምናችኋለሁ፤ ማሰሪያውን ፈትቶ አርፎ በጥቂት ሳምንት ካልተሻለው፣ ወይም እጁ ዕቃ መያዝ እየደከመው ከሄደ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ።

የአክስቴ ልጅ ዘለበት የሌለውን የጨርቅ ማሰሪያ ገዝታ ያንኑ ሰዓት እስከ ዛሬ ታስረዋለች፤ አንጓዋም አልቀላም። እኔ ሰዓቴን ትንሿ ጣቴ ከማሰሪያው ሥር እስክትገባ አላልቼ ቀን ብቻ አስረዋለሁ፤ ሌሊት ከራስጌዬ ይቀመጣል፤ ለልጄም ማለዳ ስትደውል እንቅልፌን እኔው እነግራታለሁ። የአውራ ጣቴ ስሜት በስድስተኛው ሳምንት ሙሉ በሙሉ ተመለሰ።